“ፓስ” ያለውም ተናግሯል

ቡናው ይቅረብ፣ ካርታው ይበወዝ፤ ዛሬ ወደ ብሪጅ ጠረጴዛ እንመለሳለን። “ደግሞ ካርታ!” ብላችሁ ገጹን ልትገለብጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። የዛሬው ነገር ካርታ ብቻ አይደለም፤ መሐሉ ላይ የቀለበት ጉዳይ አለበት።

ደብዳቤው የመጣው ከአንዲት የከተማችን ወጣት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

“አራት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ብሪጅ እንጫወታለን። ያስተማረን ከውጭ የተመለሰ ጓደኛችን ነው። የኔ ጥንድ እጮኛዬ ነው። እኔ ውሉን ይዤ በተጫወትኩ ቁጥር የጎደለው ኪንግ የሚገኘው ከማልፈልገው ሰው እጅ ነው። በቀደም አራት ስፔድ ጠርቼ በአንድ ትሪክ ወደቅኩ። እጮኛዬ ተነስቶ ‘አንቺ እኮ ዕድል የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም፤ ከአንቺ ጋር የሚጫወትም የሚኖርም ጉዱ ፈላ!’ ብሎኝ ወጣ። ሌሎቹ ‘ሲቀልድ ነው’ ይሉኛል፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነን፣ አልተደዋወልንም። ለመሆኑ ነገሩ የዕድል ነው? ልተወው ይሆን?”

እህቴ፣ ልተወው ያልሽው ብሪጁን ይሁን ሰውየውን አልገለጽሽልኝም። እኔ ግን የሁለቱንም እመልሳለሁ። ቅደም ተከተሉን ጠብቀን፣ ካርታው ይቅደም። ደግነቱ አንቺ አስተዋይ ነሽ፤ የአራቱንም ሰው ካርታ በወረቀት ገልብጠሽ ልከሽልኛል። ስለዚህ በወሬ ሳይሆን በማስረጃ እንነጋገራለን።

ለአዳዲስ አንባብያን በአጭሩ ላስታውስ። በብሪጅ 52ቱ ካርታ ለአራት ሰው 13 13 ይታደላል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ጥንድ ናቸው፦ ሰሜንና ደቡብ ባንድ ወገን፣ ምሥራቅና ምዕራብ በሌላው። ከጨዋታው በፊት ጨረታ አለ። “አራት ስፔድ” ብሎ ጨረታውን ያሸነፈ ሰው፣ ስፔድ ገዢ ሆኖ ከ13ቱ ትሪክ 10ሩን እንወስዳለን ብሎ ውል ገባ ማለት ነው፤ ስድስቱ መነሻ ናቸው፣ አራቱ ይጨመሩበታል። ውሉን የያዘው ይጫወታል። ጥንዱ ደግሞ “ደሚ” ይባላል፤ ካርታውን ገልጦ ይዘረጋና ጨዋታው እስኪያልቅ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። ይህቺን “አፉን ዘግቶ” የምትለውን ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ጨረታው እንዲህ ባለ መልክ የተደራጀው በ1925 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ነው። አንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ በመርከብ ጉዞ ላይ ሳለ የነጥቡን ሥርዓት አዘጋጅቶ አብረውት ለሚጫወቱት አቀረበላቸው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ዓለምን ዞረ። “ሎውረንስ ኦቭ አረቢያ” እና “ዶክተር ዚቫጎ” ላይ ያያችሁት ያ ዓይነ ግቡ ግብፃዊ ተዋናይ እንኳ በ1964 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የዓለም ብሪጅ ኦሊምፒያድ አገሩን ወክሎ ተጫውቷል። ስለ ብሪጅም በጋዜጣ ዓምድ ይጽፍ ነበር። እኔና እሱ በመልክ ባንገናኝም በሥራ ተገናኝተናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገራችን። ብዙ ጀማሪ ጨረታውን የሚያየው እንደ በር መግቢያ ነው፤ ጨረታው ሲያልቅ በሩን ዘግቶ ይረሳዋል። ትልቁ ጥፋት ይኸ ነው። በጨረታው ላይ አራቱም ሰዎች ስለ እጃቸው ተናግረዋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? በብሪጅ ደግሞ እጅ የደበቀውን ጨረታ ያወጣዋል።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። አስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 ነጥብ። በአንድ ዓይነት 10፣ በአራቱም 40። ከ40 አይበልጥም፣ ከ40 አያንስም። የእናንተንና የደሚን ደምራችሁ ከ40 ስትቀንሱ የተቃራኒዎቻችሁን ነጥብ ታውቃላችሁ። የሚቀረው ለሁለቱ ማከፋፈል ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ጨረታው ይመሰክራል፦

መጀመሪያ አንድ ነገር ጠርቶ ጨረታውን የከፈተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 12 ነጥብና ከዚያ በላይ አለው።

“አንድ ኖትረምፕ” ብሎ የከፈተ በብዙ ቦታ ከ15 እስከ 17 አለው። እንግሊዝ አገር ግን ከ12 እስከ 14 የሚጫወቱት ብዙ ናቸው።

በሦስት ደረጃ ዘሎ የከፈተ፣ ለምሳሌ “ሦስት ዳይመንድ” ያለ፣ ብዙውን ጊዜ የዚያን ዓይነት ሰባት ካርታ ይዟል፤ ነጥቡ ግን ትንሽ ነው።

የመክፈት ዕድል ደርሶት “ፓስ” ያለ ደግሞ 12 አልሞላለትም።

አስተውሉ፤ የመጨረሻው ሰውዬ ምንም አልጠራም። ግን ተናግሯል። “እኔ ዘንድ ብዙ የለም” ብሏል።

እህቴ፣ በዚህ መነጽር ያቺን ቅዳሜ እንያት። አንቺ ደቡብ ሆነሽ የያዝሽው፦ ስፔድ አስ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10፣ 7፣ 5፤ ኸርት ኪንግ፣ 6፤ ዳይመንድ 8፣ 4፤ ክለብ አስ፣ ኪንግ፣ 3። እጮኛሽ ሰሜን ሆኖ የዘረጋው፦ ስፔድ 9፣ 8፣ 4፣ 3፤ ኸርት ኩዊን፣ ጃክ፣ 5፤ ዳይመንድ ጃክ፣ 7፣ 3፤ ክለብ ኩዊን፣ ጃክ፣ 6።

ጨረታውን የጀመረው ያደለው ምሥራቅ ነው፦ “ፓስ”። አንቺ “አንድ ስፔድ” አልሽ፤ ምዕራብ ፓስ፤ እጮኛሽ “ሁለት ስፔድ”፤ ምሥራቅ አሁንም ፓስ፤ አንቺ “አራት ስፔድ”፤ ከዚያ ሁሉም ፓስ። ጥሪሽ ምንም አይወጣለትም፤ እኔም ብሆን ይህንኑ እጠራ ነበር።

ምዕራብ በዳይመንድ 2 ጀመረ። ምሥራቅ በኪንግ ወሰደ፣ አስንም ደገመ፣ ሦስተኛ ዳይመንድ ሲያመጣ አንቺ በስፔድ 5 ገዛሽው። ሁለት ትሪክ ሄደ። ቀጥሎ ኸርት ኪንግ ጣልሽ፤ ምሥራቅ በአስ ወስዶ ኸርት መለሰ፤ በደሚ ጃክ ወሰድሽ። ሦስት ትሪክ ሄደ። ከእንግዲህ አንዲት ብትጠፋ ውሉ ፈረሰ። የጎደለሽ ትልቅ ካርታ ስፔድ ኪንግ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፍ እንደሚያዘው ፊነስ ሞከርሽ። ከደሚ ስፔድ 9 አወጣሽ፣ ምሥራቅ 2 ጣለ፣ አንቺ አስን ያዝ አድርገሽ 7 ጣልሽ። ኪንጉ ከምሥራቅ እጅ ቢሆን ይሠራ ነበር። ምዕራብ ግን በኪንግ ወሰደ፣ ያውም ብቻውን በነበረ ኪንግ! ውል ፈረሰ፤ ቀሪውን ታውቂዋለሽ።

አሁን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ያንቺ 17፣ የደሚ 7፣ ድምሩ 24። ለተቃራኒዎችሽ የቀረው 16 ነው። እስከዚያች ሰዓት ምሥራቅ ምን ምን አሳየሽ? ዳይመንድ ኪንግ፣ 3። ዳይመንድ አስ፣ 4። ኸርት አስ፣ 4። ድምር 11። ስፔድ ኪንግም እሱ ዘንድ ቢሆን 14 ይሆን ነበር። 14 ነጥብ ይዞ፣ የመጀመሪያው ተናጋሪ ሆኖ፣ “ፓስ” የሚል ደንበኛ ተጫዋች አዲስ አበባም የለም፣ ፓሪስም የለም። ስለዚህ ኪንጉ ምዕራብ ዘንድ ነው። አለቀ።

ኪንጉ ምዕራብ ዘንድ ከሆነ ፊነሱ የሞተ ነገር ነው፤ ብትሞክሪውም አይነሳም። የቀረሽ ተስፋ አንድ ብቻ ነው፦ ኪንጉ ብቻውን ቢሆንስ? ከአንቺና ከደሚ ውጭ ያሉት ስፔዶች ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አስን ትጥያለሽ። ኪንጉ ይወድቃል። አሥር ትሪክ። ብቻውን ባይሆን ኖሮስ? ያኔ የትኛውም መንገድ አያድንሽም ነበር፤ አስን በመጣልሽ የምትከስሪው ነገር የለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ተመለሰ። ዕድል አይደለም። ጨረታው ላይ ምንም ያልተሰማ ቢሆን ፊነሱ ከመቶ ሃምሳ ነው፤ በሱ ማንም አይወቅስሽም። ያን ቅዳሜ ግን ሃምሳ ሃምሳ አልነበረም። ገና ከጅምሩ አንድ ሰው “ፓስ” ብሎ ነግሮሽ ነበር። ደግሞ ልብ በይ፤ ኸርቱን ከስፔዱ በፊት መጫወትሽ ትክክል ነው። አዋቂዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፦ ወሳኙን ጥያቄ ወደ ኋላ ያቆዩና፣ በማይጎዳቸው በኩል እየጫወቱ መረጃ ይለቅማሉ። አንቺ ለቅመሽው ነበር፤ የቀረሽ መደመሩ ነው።

ነጥብ ብቻ ሳይሆን የካርታ ብዛትም ይመሰክራል። ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። ምዕራብ “ሦስት ዳይመንድ” ብሎ ከፈተ። እናንተ አራት ስፔድ ላይ ደረሳችሁ። ስፔዳችሁ በእጃችሁ አስ፣ ጃክ፣ 10 እና ሁለት ትንንሽ፤ በደሚ ኪንግ፣ 9 እና ሁለት ትንንሽ። ዘጠኝ ስፔድ አላችሁ፤ ኩዊን ጎድላለች። የተለመደው ምክር “ዘጠኝ ካለህ ፊነስ አትሞክር፣ አስና ኪንግን ጥለህ ኩዊኗ እስክትወድቅ ጠብቅ” የሚል ነው።

ግን ቁጠሩ። እናንተ አራት ዳይመንድ ብትይዙ ለነሱ ዘጠኝ ይቀራል። ምዕራብ ሰባት ካለው ምሥራቅ ሁለት አለው። እንግዲህ ምዕራብ እጁ ላይ ለሌላ ካርታ ያለው ቦታ 6 ብቻ ነው፤ ምሥራቅ ግን 11 ቦታ አለው። ኩዊኗ ከነዚህ 17 ቦታዎች ባንዱ ተቀምጣለች፤ 11ዱ የምሥራቅ ናቸው። ወደ 65 በመቶ ግድም ምሥራቅ ዘንድ ናት ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በደሚ ኪንግ አንድ ዙር ትወስዱና፣ ከደሚ 9 አውጥታችሁ፣ ምሥራቅ ትንሽ ካርታ ሲጥል አስን ይዛችሁ 9ኟን ትለቋታላችሁ። ምክሩ ውሸት ሆኖ አይደለም፤ ምክሩ የሚሠራው ማንም ምንም ባልተናገረበት ቀን ነው። ምዕራብ ግን ጮኾ ተናግሯል።

አንዳንዴ ሁለቱ ምስክሮች ወደተለያየ አቅጣጫ ይጠቁማሉ። እናንተ “አንድ ኸርት” ስትሉ ምዕራብ “ደብል” አለ እንበል። በተለመደው ስምምነት “የመክፈቻ ነጥብ አለኝ፣ ኸርት ግን ጥቂት ነው ያለኝ፤ ጥንዴ ሆይ ከሌሎቹ ምረጥ” ማለቱ ነው። ከዚያ እናንተ በኸርት ውል ብትጫወቱ፣ በሌሎቹ ዓይነቶች የጎደሏችሁን አስና ኪንግ ምዕራብ ዘንድ ፈልጉ፤ የኸርቷን ኩዊን ግን ኸርት ብዙ ሊኖረው ወደሚችለው ወደ ምሥራቅ ጠርጥሩ። ነጥብ ባንዱ፣ ብዛት በሌላው። ሁለቱን አታምታቱ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች ፓስ ካሉ በኋላ በሦስተኛ ተራ የሚከፍት ሰው ብዙ ጊዜ ከ12 ባነሰ ነጥብ ይከፍታል። የ“አንድ ኖትረምፕ” ልክም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይለያያል። ታዲያ ምን ይደረግ? መጠየቅ! በብሪጅ ሕግ የተቃራኒ ጥንድ የጥሪ ስምምነት ምስጢር አይደለም። ተራችሁ ሲደርስ “ይኸ ጥሪ በእናንተ ዘንድ ምን ማለት ነው?” ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ነውር የለበትም።

የተቃራኒያችሁን ማመንታት አይታችሁ መገመትም ትችላላችሁ፤ ቢያሳስታችሁ ግን ኪሳራው የራሳችሁ ነው። በጥንዳችሁ ማመንታት ወይም ፊት መጠቀም ግን ክልክል ነው። በእኛ ሰፈር ካርታ ጥቅሻ የጨዋታው ቅመም ናት፤ በብሪጅ ግን ታሳግዳለች። በ1965 ቦነስ አይረስ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሁለት ዝነኛ እንግሊዛውያን ካርታ አያያዛቸው ላይ በጣት ምልክት ይሰጣጣሉ ተብለው ተከሰሱ። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ጥፋተኛ አላቸው፤ አገራቸው ያቋቋመው አጣሪ ደግሞ በ1966 ነጻ አወጣቸው። ክርክሩ ከጨዋታው አልፎ ዓመታት ቆየ። ከዚያ ሁሉ ጣጣ ጨረታውን በቅን ጆሮ መስማት አይሻልም?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ሰውየው። እህቴ፣ እጮኛሽም የምሥራቅን “ፓስ” በጆሮው ሰምቷል። ደሚ ስለሆነ በጨዋታው መሐል ምንም ማለት አይፈቀድለትም ነበር፤ ሲያልቅ ግን “ምሥራቅ እኮ ፓስ ብሎ ነበር፣ እንቁጠረው እስቲ” ማለት ይችል ነበር። እሱም ስላልቆጠረ “ዕድል” አለ። ዕድል ቆጥሮ ላልጨረሰ ሰው ሁሉ መሸሸጊያ ናት። ስለዚህ ስለ ካርታው በሁለታችሁም አልፈርድም፤ ሁለታችሁም ትማራላችሁ።

“የሚኖርም” ያላት ቃል ግን የካርታ አይደለችም። እዚህ ላይ ከኔ “እንደ ብሪጁ ዝምታውን ተርጉሚ” የሚል ምክር ትጠብቂ ይሆናል። አልልሽም። በብሪጅ ዝምታ የሚነበበው አራቱም ሰዎች አስቀድመው “ፓስ ማለት ይኸ ነው” ብለው ስለተስማሙ ነው። አንቺና እጮኛሽ ስለ ዝምታ ምን ስምምነት አላችሁ? የሁለት ሳምንት ዝምታ ኩርፊያ ሊሆን ይችላል፣ ሐፍረት ሊሆን ይችላል፣ “አንተኛው ቀድሞ ይደውል” የሚል እልህም ሊሆን ይችላል። ስምምነት በሌለበት ዝምታን መተርጎም ጨለማ ውስጥ ፊነስ መሞከር ነው። ስለዚህ ጠይቂ፤ ተራሽ ነው፣ መብትሽም ነው። ደውዪለት፤ “በቀደም ያልከው የምርህን ነው?” በይው፣ እንዲሁ በግልጽ። መልሱ ይቅርታ ከሆነ ካርታውን አብራችሁ ዘርግታችሁ ቁጠሩት። መልሱ “አዎ የምሬን ነው” ከሆነ ደግሞ ቀለበቱ ከመጥለቁ በፊት መስማትሽ ትርፍ ነው። ብሪጁን ግን በየትኛውም መልስ አትተዪው። በጨዋታ መሐል መረጃ መልቀም የምታውቅ ልጅ ከካርታ ጠረጴዛ መራቅ የለባትም።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ የሳምንቱ ልምምድ። ደሚ ሲዘረጋ የመጀመሪያዋን ካርታ ለመጣል አትቸኩሉ። የሁለቱን እጅ ነጥብ ደምራችሁ ከ40 ቀንሱ። ማን ምን እንደጠራ፣ ማን ምን እንዳልጠራ በልባችሁ ድገሙ። ከዚያ ትልቅ ካርታ በወጣ ቁጥር ከባለቤቱ ሂሳብ ላይ ቀንሱ። መጀመሪያ ያደክማል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን እንደ ታክሲ ሒሳብ ሳታስቡት ትሠሩታላችሁ። ጥንድ ያጣችሁም በስልካችሁ ላይ ብሪጅ አውርዳችሁ ከማሽን ጋር መለማመድ ትችላላችሁ፤ ማሽን አያኮርፍም።

የቤት ሥራ ልስጣችሁና ልሰናበት። ምዕራብ “አንድ ኖትረምፕ” ብሎ ከፈተ፤ ጠይቃችሁ ከ15 እስከ 17 መሆኑን አረጋገጣችሁ። የእናንተና የደሚ ነጥብ ተደምሮ 22 ነው። በመጀመሪያው ትሪክ ምሥራቅ ኸርት ኪንግ ጣለ። የጎደለቻችሁ ዳይመንድ ኩዊን ከማን ዘንድ ናት? “ይመስለኛል” አልቀበልም፤ በቁጥር አስረዱኝ። መልሱን በሳምንቱ እናየዋለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!